ሰር ዊሊያም ኸርሼል፡ የጣት አሻራን ወደ መንግሥት መዝገብ ያስገቡት ሹም

እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 1858 በሕንድ ቤንጋል ግዛት ጃንጊፑር በምትባለው የወንዝ ዳር ከተማ፣ የ25 ዓመት ወጣት የነበሩ አንድ እንግሊዛዊ ሹም ለመንገድ ሥራ የሚውል ጠጠር ከሚያቀርብላቸው የአካባቢው ተቋራጭ ጋር ውል ለመፈራረም ተቀምጠው ነበር። ተቋራጩ ራጅያዳር ኮናይ ይባላል። ውሉ በቤንጋሊ ቋንቋ በወጉ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ሹሙ በመሥሪያ ቤቱ ደንብ ውስጥ ያልተጻፈ ነገር አደረጉ። ለማኅተም ማተሚያ ተብሎ የተዘጋጀውን የዘይት ቀለም የኮናይን መዳፍና ጣቶች ቀብተው መላ እጁን በውሉ ጀርባ ላይ አሳረፉት። የራሳቸውንም መዳፍ በሌላ ወረቀት ላይ አትመው ሁለቱን ጎን ለጎን በማድረግ፣ ስለ መዳፍ ጥንቆላ እየተቀላለዱ መስመሮቹን አስተያዩ።

ሹሙ ዊሊያም ጄምስ ኸርሼል ሲሆኑ፣ በዚያን ዕለት በአእምሯቸው ውስጥ የነበረው ጉዳይ ከሳይንስ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ተቋራጩ ውሎ አድሮ ፊርማው የእኔ አይደለም ብሎ እንዳይክድ ለማስፈራራት ያደረጉት መሆኑን ከብዙ ዓመታት በኋላ ራሳቸው በጻፉት መጽሐፍ ሳይሸሽጉ ገልጸዋል። ይሁን እንጂ በአንድ የጠጠር ውል ጀርባ ላይ ያረፈው ያ የእጅ ምልክት በኸርሼል ቀሪ ዘመን ሁሉ ከሐሳባቸው ሳይለይ ቆይቷል። ዛሬ በብዙ አገሮች ባንክ ቤቶች፣ የጡረታ ጽሕፈት ቤቶችና የድንበር ኬላዎች ጣትን በመስታወት ላይ በማሳረፍ የሚከናወነው የማንነት ማረጋገጫም ከዚህ ዕለት ጋር የዘር ሐረግ አለው።

ኸርሼል እ.ኤ.አ. በ1833 በእንግሊዝ አገር ስላው በተባለች ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ በሥነ ፈለክ ጥናት ስሙ የገነነ ነው። አያታቸው ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት እ.ኤ.አ. በ1781 ያገኙት ዊሊያም ኸርሼል ሲሆኑ፣ አባታቸው ጆን ኸርሼልም በዘመናቸው ከታወቁት ሊቃውንት አንዱ ነበሩ። አባትየው የደቡቡን ንፍቀ ክበብ ከዋክብት ለመመዝገብ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውን በመጓዛቸው፣ ዊሊያም እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1838 ድረስ ያለውን የሕፃንነት ጊዜያቸውን ያሳለፉት በአህጉራችን ምድር ነው። እንደ አያትና እንደ አባት የከዋክብትን መንገድ ይከተላሉ ተብሎ ቢጠበቅም፣ ከአባታቸው ፈቃድ ጋር በመስማማት ሌላ ሥራ መረጡ። የኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ሠራተኞቹን በሚያሠለጥንበት በሄይልቤሪ ኮሌጅ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1853 በቤንጋል የሲቪል አገልግሎት ተቀጠሩ።

ኸርሼል ሥራ የጀመሩበት ወቅት ለአስተዳደር የሚመች አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ በእንግሊዞች አገዛዝ ላይ ታላቅ ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የኩባንያው ሥልጣን ተሽሮ አገሪቱ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር እንድትሆን ተደረገ። ገዢው ተገዢውን፣ ተገዢውም ገዢውን በማያምንበት በዚያ ወቅት አንድ የወረዳ ሹም ግብር ይሰበስባል፣ ይዳኛል፣ መንገድ ያሠራል፣ ውል ይዋዋላል። የሚያስተዳድረው ሕዝብ አብዛኛው መጻፍ የማይችል ሲሆን፣ በየችሎቱ የሚቀርበው ሰነድ ሐሰተኛ ፊርማ የበዛበት፣ የሚቆመውም ምስክር በገንዘብ የተገዛ መሆኑ የዘወትር ምሬት ነበር። ኮናይን ለማስፈራራት የተደረገው ሙከራ ከዚህ የአመኔታ እጦት የመነጨ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመተማመኛው መሣሪያ የተወለደው ካለመተማመን ነው።

በቤንጋል ጣትን በቀለም ነክሮ በሰነድ ላይ ማሳረፍ ከእንግሊዞች በፊትም እንግዳ ነገር እንዳልነበረ ይታወቃል። መጻፍ የማይችል ሰው የጣቱን ጫፍ በቀለም ነካ አድርጎ በፊርማ ቦታ ያሳርፍ ነበር። በቻይናም በውሎች ላይ የጣት ምልክት ማኖር ጥንታዊ ልማድ ነው። ኸርሼል የራሳቸው ሐሳብ ከዚህ ልማድ የተቀዳ አለመሆኑን ተከራክረዋል። ክርክራቸው ሙሉ በሙሉ ባያሳምን እንኳ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን እውነተኛ ነው። የጥንቱ ምልክት ባለቤቱ በቦታው መገኘቱን የሚያሳይ ሥርዓት እንጂ በኋላ ከባለቤቱ ጣት ጋር ተመሳክሮ የሚረጋገጥ አልነበረም። ኸርሼል የጨመሩት ነገር ማመሳከርን ነው።

ከጃንጊፑር በኋላ ኸርሼል የራሳቸውን፣ የቤተሰባቸውን፣ የወዳጆቻቸውንና የሥራ ባልደረቦቻቸውን አሻራ ማሰባሰብ ጀመሩ። እንግዳ ወደ ቤታቸው ሲመጣ ጣቱን ሳያትም አይሸኝም ነበር ማለት ይቻላል። መላውን መዳፍ ማተም አስፈላጊ አለመሆኑን፣ የጥቂት ጣቶች ጫፍ እንደሚበቃም በጊዜ ሂደት ተረዱ። ከሁሉ በላይ ትዕግሥት የጠየቃቸው ጥያቄ ግን የአንድ ሰው አሻራ ከዓመታት በኋላ ይለወጣል ወይስ አይለወጥም የሚለው ነበር። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1859 የራሳቸውን ጣቶች አትመው ቀኑን ጽፈው አስቀመጡ።

በ1860ዎቹ መጀመሪያ ወደ ናዲያ ተዛውረው ሲሠሩ በዚያ ወረዳ የእንዲጎ ተክል ባለቤቶችና ገበሬዎች የከረረ ጠብ ውስጥ ገብተው ነበር። ሰማያዊ ቀለም የሚወጣውን ይህን ተክል ገበሬው በግድ እንዲያመርት የሚያስገድዱ ውሎች በሁለቱም ወገን እንደ ሐሰተኛ ይከሰሱ ነበር። ኸርሼል በእንዲህ ያሉ ውሎች ላይ የጣት አሻራ እንዲታተም ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። እርሳቸውም ነገሩን ከመሥሪያ ቤት ጉዳይነት አውጥተው እንደ ግል ጥናታቸው ያዙት።

ከዚያ በኋላ ከ15 ዓመታት በላይ አለፉ። አባታቸው እ.ኤ.አ. በ1871 ሲያርፉ የቤተሰቡን የባሮኔት ማዕረግ ወርሰው ሰር ዊሊያም ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1877 ደግሞ በካልካታ አቅራቢያ በምትገኘው ሁግሊ የአስተዳደርና የፍርድ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። አሁን የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቁ በሥልጣናቸው ክልል ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነበር። ሦስት የሥራ ክፍሎችን መርጠው አሻራን የዘወትር አሠራር አደረጉት።

የመጀመሪያው የጡረታ ክፍያ ነበር። የችግሩን ዓይነት በጡረታ ሥራ ላይ የተሰማራ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። ጡረተኛው ያርፋል፤ መሞቱ ግን ለመሥሪያ ቤቱ አይነገርም። በሚቀጥለው ወር በዕድሜና በመልክ የሚቀራረብ ሌላ ሽማግሌ በሟቹ ስም ቀርቦ ገንዘቡን ይወስዳል። ከፋዩ ጸሐፊ በየወሩ የሚያልፉትን ፊቶች ሁሉ ለይቶ ሊያስታውስ አይችልም፤ ቢያስታውስም ዝምታው ሊገዛ ይችላል። ሰር ዊሊያም ጡረተኞች ሁሉ ጣታቸውን በመዝገብ ላይ እንዲያትሙ አደረጉ። ገንዘብ ሊቀበል የመጣ ሰው አሻራውን ሰጥቶ ከተመዘገበው ጋር ይመሳከራል።

ሁለተኛው የሰነዶች ምዝገባ ነበር። መሬት የሸጠ ወይም ንብረት ያስተላለፈ ሰው በመዝጋቢው ፊት ጣቱን ያትማል። በኋላ እኔ አልሸጥኩም፣ የሸጠው በስሜ የቀረበ ሌላ ሰው ነው የሚል ክርክር ቢነሣ መዝገቡ ራሱ ይመሰክራል። ሦስተኛው ወኅኒ ቤት ነበር። የተፈረደበት ሰው በገንዘብ የገዛውን ሌላ ሰው በስሙ አስገብቶ እርሱ በነፃነት የሚኖርበት አጋጣሚ በዚያ ዘመን ተረት አልነበረም። ስለዚህ ፍርድ እንደ ተሰጠ የእስረኛው አሻራ ተወስዶ ከትእዛዙ ጋር ወደ ወኅኒ ቤቱ ይላክ ጀመር።

እነዚህ ሦስት አሠራሮች የሚጋሩት አንድ ጠባይ አለ። በሦስቱም ቦታ የቀረበው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይናገራል። የመሥሪያ ቤቱ ሥራ የተናገረው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ ብቻ ነው። በወንጀል ሥፍራ የተገኘን ባለቤት የሌለው አሻራ ከብዙ ሺህ መዝገቦች መካከል ፈልጎ ማግኘት ሌላ፣ እጅግም የከበደ ሥራ ነው። የጣት አሻራ ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ፖሊስና ወደ ወንጀለኛ መሄዱ የተለመደ ቢሆንም፣ በመንግሥት አስተዳደር ውስጥ ሥር የሰደደው በሽማግሌ ጡረተኛ በኩል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

ሰር ዊሊያም የሁግሊው ሙከራ መሥራቱን ካዩ በኋላ በነሐሴ 1877 ለቤንጋል የወኅኒ ቤቶች የበላይ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፈው አሠራሩ በግዛቱ ሁሉ እንዲሞከር ጠየቁ። ከሃያ ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ የተጻፈ፣ ናሙናዎች የተያያዙበት ደብዳቤ ነበር። ያገኙት መልስ ግን የሚያበረታታ ሆኖ አልተገኘም። ጤናቸውም በዚያን ጊዜ ተዳክሞ ስለነበር ጉዳዩን ለመግፋት አቅም አላገኙም፤ በማግሥቱ ዓመት አገልግሎታቸውን ጨርሰው ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ አሠራሩን በዚያው ስፋት የሚያስቀጥል ሰው አልተገኘም። አንድ የሚጠቅም አሠራር በመመሪያ ሳይደገፍ በአንድ ኃላፊ ትጋት ላይ ብቻ ሲቆም የሚደርስበት ይኸው ነው።

ነገሩ እንደገና የተነሣው ከቶኪዮ ነበር። በዚያ ሆስፒታል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ስኮትላንዳዊው ሐኪም ሄንሪ ፎልድስ በጥንታዊ የሸክላ ዕቃዎች ላይ የቀሩ የጣት ምልክቶችን ካዩ በኋላ በአሻራ ላይ ጥናት አድርገው፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1880 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ጽሑፍ አወጡ። በወንጀል ሥፍራ የተገኘ አሻራ ባለቤቱን ሊያጋልጥ እንደሚችል በጽሑፍ ያመለከቱት እርሳቸው ናቸው። ሰር ዊሊያም በሚቀጥለው ወር በዚያው መጽሔት ላይ የራሳቸውን የቤንጋል ልምድ አስታወቁ። በሁለቱ መካከል የተነሣው የቀዳሚነት ክርክር አሥርተ ዓመታትን የፈጀ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ፎልድስ ማስረጃ ሲጠይቁ ሰር ዊሊያም የሁግሊውን ደብዳቤ በመጽሔቱ ላይ አሳትመዋል። ውድቅ የተደረገው ደብዳቤ በመጨረሻ የተነበበው በዚህ መንገድ ነበር።

ከዚህ ክርክር ይልቅ ለሥራው የጠቀመው ሰር ዊሊያም ያሰባሰቡትን የአሻራ ክምችት ለፍራንሲስ ጋልተን አሳልፈው መስጠታቸው ነው። ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1892 ስለ ጣት አሻራ ባሳተሙት መጽሐፍ አሻራ በዕድሜ ብዛት እንደማይለወጥ ያረጋገጡት በተለያዩ ዓመታት የታተሙትን የኸርሼል ናሙናዎች መስመር በመስመር በማነጻጸር ነበር። ከናሙናዎቹ መካከል በሁለት ዓመት ተኩሉና እንደገና በ15 ዓመቱ የታተመ የአንድ ልጅ ጣት ይገኝበታል። ከተነጻጸሩት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ነጥቦች መካከል ለውጥ የታየው በአንዱ ብቻ ነበር። እንዲህ ያለውን ማስረጃ ገንዘብም ሆነ ሊቅነት በአንድ ዓመት ሊያስገኘው አይችልም። የሚያስገኘው ወረቀቱን ቀን ጽፎ ለ30 ዓመት የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ከጋልተን በኋላ ነገሩ በፍጥነት ሄደ። በአርጀንቲና ሁዋን ቩሴቲች በዘረጉት የአመዳደብ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1892 የነፍስ ግድያ ወንጀል በአሻራ ተረጋገጠ። በቤንጋል የፖሊስ ኃላፊው ኤድዋርድ ሄንሪ፣ ብዙውን የስሌት ሥራ በሠሩት በአዚዙል ሃቅና በሄም ቻንድራ ቦስ እየተረዱ፣ አሻራዎችን በየዓይነታቸው የሚደለድል ሥርዓት አዘጋጁ። እ.ኤ.አ. በ1897 በካልካታ የአሻራ ቢሮ ተቋቋመ፤ በ1901 ደግሞ ስኮትላንድ ያርድ ሥርዓቱን ተቀበለ። የሁለቱ ሕንዳውያን ባለሙያዎች ድርሻ ለረጅም ጊዜ በሄንሪ ስም ተሸፍኖ መቆየቱ የዚያ ዘመን አስተዳደር ሌላው መልክ ነው።

ሰር ዊሊያም በሁግሊ ያስጀመሩት ማመሳከር በሰው ዓይን የሚከናወን ነበር። ጸሐፊው በአጉሊ መነጽር ሁለት አሻራዎችን ጎን ለጎን ይዞ ይመለከታል። ዛሬ ይህንን ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተር ሲሆን፣ ሥራውን የሚያከናውንበት መንገድ በሁለት ይከፈላል።

የመጀመሪያውና በስፋት የተሠራበት መንገድ ጋልተን ያመለከቷቸውን ጥቃቅን ነጥቦች መቁጠር ነው። የአሻራ መስመር በሆነ ቦታ ያበቃል፣ በሌላ ቦታ ለሁለት ይከፈላል። ኮምፒውተሩ እነዚህን ነጥቦች ፈልጎ እያንዳንዳቸው የት እንዳሉና ወደየት እንደሚያመለክቱ ይመዘግባል፤ በኋላም የሁለት አሻራዎችን ነጥቦች ያመሳክራል። ይህ መንገድ አስተማማኝ ቢሆንም ምስሉ ጥርት ያለ መሆኑን ይፈልጋል። ጣቱ የደረቀ፣ የረጠበ ወይም በሥራ የተፈገፈገ ሲሆን መስመሮቹ ይቆራረጣሉ። ያኔ ኮምፒውተሩ የሌለ ነጥብ ያያል፣ ያለውን ይስታል። የማንበቢያው መስታወት አነስተኛ ሲሆን ደግሞ የሚያዙት ነጥቦች ቁጥር ያንሳል።

ሁለተኛው መንገድ የአሻራውን ምስል እንደ አንድ ወጥ ገጽታ፣ ባለሙያዎቹ እንደሚሉት በቴክስቸሩ የሚመለከት ነው። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ጋቢን ከነጠላ ለመለየት እያንዳንዱን ክር አይቆጥርም። የድሩና የማጉ አጣጣል፣ ጥግግቱና አቅጣጫው ይነግረዋል። የጣት ቆዳም እንዲሁ በአንድ ወገን የተኛ፣ በሌላ ወገን የሚጠማዘዝ፣ መካከሉ ላይ የሚከብብ የመስመሮች ሽመና አለው። በተለመደው የማንበቢያ መሣሪያ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 500 ነጥብ በሚያነሣው ላይ፣ ከአንዱ መስመር እስከ ሌላው ያለው ርቀት ወደ ዘጠኝ ወይም አሥር የምስል ነጥቦች ይደርሳል። ርቀቱ ይህን ያህል የተመጠነ በመሆኑ መስመሮቹን በየአቅጣጫቸው ለይቶ የሚለካ የሒሳብ ማጣሪያ መሥራት ይቻላል።

ማጣሪያው የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1971 በሆሎግራፊ ግኝታቸው የኖቤል ሽልማት ባገኙት ትውልደ ሀንጋሪያዊ የፊዚክስ ሊቅ በዴኒስ ጋቦር ስም ነው። ጋቦር እ.ኤ.አ. በ1946 ባወጡት ጽሑፍ የድምፅና የመልእክት ሞገድን በጥቃቅን ክፍልፋዮች የመተንተን ዘዴ አቅርበው ነበር። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዘዴውን ወደ ምስል አሸጋገሩት። ማጣሪያው በአንድ አቅጣጫ የሚሄዱ መስመሮች ሲያጋጥሙት ጎላ ያለ ምላሽ ይሰጣል፤ ለሌሎቹ ግን ዝም ይላል። ትውልደ ሕንዳዊው ፕሮፌሰር አኒል ጄይንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የአሻራውን እምብርት መነሻ አድርገው በዙሪያው ያለውን ክብ ቦታ በ80 ክፍሎች ከፋፈሉ። እያንዳንዱን ክፍል በስምንት አቅጣጫ በተቃኙ ማጣሪያዎች መርምረው ለአንድ ጣት 640 ቁጥሮች አገኙ። ሁለት አሻራዎች የአንድ ሰው መሆናቸው የሚወሰነው በሁለቱ የቁጥር ረድፎች መካከል ባለው ርቀት ነው። ርዝመቱ የማይለዋወጥ የቁጥር ረድፍ ለማስቀመጥም ሆነ ለማመሳከር ቀላል በመሆኑ፣ ይህ ዘዴ ማንነቱን አስቀድሞ የተናገረን ሰው ለማረጋገጥ፣ ማለትም ለሁግሊው ዓይነት ሥራ፣ የሚስማማ ነው።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። ጣቱ በመስታወቱ ላይ ተንሻፎ ካረፈና እምብርቱ ከምስሉ ውጭ ከቀረ መነሻ ይጠፋል። ቆዳው ሲጫን የመለጠጥ ጠባይ ስላለው የመስመሮቹ አቀማመጥ ይዛባል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያስታወቁት ውጤትም የጥቃቅን ነጥቦቹና የቴክስቸሩ ዘዴ ተዳብለው ሲሠሩ እያንዳንዱ ብቻውን ከሚሰጠው የተሻለ መሆኑን ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የኮምፒውተር ባለሙያን ብቻ የሚመለከት አይደለም። ሁለት የአንድ ጣት አሻራዎች ፈጽሞ አንድ ሆነው ስለማይገኙ፣ ርቀቱ ምን ያህል ቢሆን ይቀበል የሚለውን ልክ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ልኩ ሲጠብቅ አስመሳዩ ይመለሳል፤ ትክክለኛው ባለመብትም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ልኩ ሲላላ ባለመብቱ ያለ እንግልት ያልፋል፤ አስመሳዩም አብሮ ሊያልፍ ይችላል። ይህንን ልክ ለመሣሪያ ሻጭ ትቶ የሚቀመጥ መሥሪያ ቤት የራሱን ኃላፊነት አሳልፎ እንደ ሰጠ መቁጠር ይገባል።

ሰር ዊሊያም ጡረተኞችን ጣት ባሳተሙባት አገር እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ጡረተኞች በሕይወት መኖራቸውን በአካል አሻራ አማካይነት በኮምፒውተር መረብ የሚያረጋግጡበት ጂቫን ፕራማን የተባለ አሠራር በይፋ ተጀምሯል። ከሁግሊው መዝገብ 137 ዓመታት በኋላ ማለት ነው። ጥያቄው ያው የሽማግሌው ጥያቄ ሲሆን፣ አሠራሩ የገጠመው ችግርም ከሽማግሌዎች ጣት የመጣ ነው። በዕድሜ ብዛት ቆዳ ይሳሳል፣ መስመሮቹም ይፈዝዛሉ። ዕድሜውን በእርሻ፣ በድንጋይ ፈለጣ ወይም በልብስ እጥበት የገፋ ሰው ጣቱ መሣሪያው የማያነበው ይሆናል። ለዚህም ሲባል የዓይን ብሌን ዙሪያና የፊት ምስል እንደ አማራጭ ተጨምረዋል። በአገራችንም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ ምዝገባ የአሥር ጣቶችን አሻራ፣ የዓይንንና የፊትን ምስል አንድ ላይ የሚይዝ ነው። አንዱ ሲሰንፍ ሌላው እንዲመሰክር ነው። ጣቱ ያልተነበበለትን አረጋዊ በመስኮቱ ፊት የሚያስተናግደው ግን አሁንም ሠራተኛው ነው።

ሰር ዊሊያም ከሕንድ ከተመለሱ በኋላ ረጅም ዕድሜ ሰጥቷቸው ከሕዝብ ዓይን ራቅ ብለው ኖሩ። የአሻራ ቢሮዎች በየአገሩ ሲቋቋሙ፣ ፍርድ ቤቶች አሻራን እንደ ማስረጃ ሲቀበሉ ለማየት በቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ1916 በ83 ዓመታቸው የጣት አሻራን አነሣሥ የሚተርክ አነስተኛ መጽሐፍ አሳተሙ። በመጽሐፉ ውስጥ የኮናይን እጅ ታሪክ ተርከዋል፤ የራሳቸውንም ጣቶች እንደገና አትመው እ.ኤ.አ. በ1859 በ26 ዓመታቸው ካተሙት ጋር ለአንባቢ አቅርበዋል። በሁለቱ መካከል 57 ዓመታት ያለፉ ሲሆን፣ ቆዳው ከማርጀቱ በቀር የመስመሮቹ አካሄድ ያው ነበር።

በሕይወታቸው መጨረሻም ከፎልድስ ጋር የነበረውን የቆየ ክርክር በተመለከተ በኔቸር መጽሔት ላይ አንድ ደብዳቤ ጻፉ። ፎልድስ በራሳቸው ጥረትና ምርምር ወደ ግኝቱ መድረሳቸውንና ለዚህም ምስጋና እንደሚገባቸው በደብዳቤው አስታወቁ። ሰር ዊሊያም ኸርሼል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1917 በ84 ዓመታቸው በእንግሊዝ አገር ዐረፉ።